ልጆች እያሳደጉ ከቤት ሳይወጡ በኢንተርኔት ገቢ ማግኘት፦ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሁለተኛ ልጄን እስክወልድ ድረስ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃ አማርኛ መምህርት ነበርሁ። ልጆቹን የሚይዝልኝ ዘመድ በቅርብ ስለሌለኝ፣ ለሞግዚት የሚከፈለውም ገንዘብ ደመወዜን ሊጨርሰው ጥቂት ስለቀረው፣ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ሥራውን ለቅቄ ቤት መዋል ጀመርሁ። የባለቤቴ ገቢ የቤት ኪራዩንና አስቤዛውን ይችላል፤ ልጅ ሲታመም ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ግን ከሰው መበደር ግድ ይሆናል። በኢንተርኔት እየሠራሁ ቢያንስ ይህን ቀዳዳ ብደፍን ብዬ አስባለሁ።

ያለኝ አንድ ዘመናዊ ስልክና ያረጀ ላፕቶፕ ነው። አማርኛ አጥርቼና ፈጥኜ እተይባለሁ፤ እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፣ ለመናገር ግን እምብዛም አልደፍርም። እጄ የሚፈታው ትንሿ ልጄ ከምሳ በኋላ ስትተኛ፣ ደግሞም ማታ ሁለቱም ከተኙ በኋላ ነው።

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባችኝ። ቪዲዮ እየከፈቱ «ላይክ» በማድረግ በየቀኑ ገንዘብ ይገኛል፤ ነገር ግን አስቀድሞ «ደረጃ ለመክፈት» 3,000 ብር ገቢ ማድረግ ያስፈልጋል ይላሉ። ጎረቤቴ ከፍላ ጥቂት ገንዘብ ስለወጣላት የእኔም ልብ ለሁለት ተከፍሏል። ይህ ሥራ የሚታመን ነው ወይ? ካልሆነስ በእኔ ሁኔታ ያለች እናት በእውነት ልትሠራው የምትችለው ምንድን ነው? የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

መልስ፦ የባንክ ሠራተኛ፣ ደሴ

እህቴ፣ 3,000 ብሩን እንዳይከፍሉ። ሠራተኛ ለሥራው ይከፈለዋል እንጂ ለመሥራት አይከፍልም። ለጎረቤትዎ የወጣላት ገንዘብ ከእርሷ በኋላ ከገቡት ሰዎች ላይ የተቆነጠረ ነው። የእነዚህ ቡድኖች አሠራር በየቦታው አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ አነስተኛ ገንዘብ ያለ ችግር ይወጣል፤ የወጣለት ሰው እህቱንና ጎረቤቱን ይጠራል፤ ቀጥሎ ከፍ ያለ «ደረጃ» ይቀርብለታል፤ በመጨረሻ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ላውጣ ሲል «ግብር» ወይም «ማስለቀቂያ» ክፈል ይባላል፣ ያንን ከከፈለ በኋላም ቡድኑ ይዘጋል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን፣ ማለትም ኋላ የገባው ሰው ገንዘብ ለቀደመው የሚከፈልበትን አሠራር፣ ከከለከለ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ አሠራሩ ስሙን እየቀያየረ መምጣቱ አልቀረም።

ገንዘቡን አስገቡ የሚሉበትን ሒሳብ ልብ ብለው ይመልከቱት፦ በግለሰብ ስም የተከፈተ ነው፣ ስሙም ይለዋወጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ «በዶላር ይከፈልሻል» የሚለው ቃል የብዙ ሰው ልብ ያነሣሣል፤ አጭበርባሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በስልክ ላይ የሚያሳዩት ቀሪ ሒሳብ በዶላር የተጻፈ ነው። ያ ቁጥር በየትኛውም ባንክ ውስጥ የለም። የቴሌብር የምስጢር ቁጥርዎንም ሆነ በመልእክት የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይስጡ። ጎረቤትዎም ሌላ ሰው ሳትጨምር ያስገባችውን በሙሉ ዛሬውኑ ለማውጣት ትሞክር።

መልስ፦ የአማርኛ አስጠኚ፣ ወልድያ

እታለም፣ አብሽሪ። በእጅሽ ያለው ሙያ ፈላጊ አለው። እኔም ልጄን እያሳደግሁ ውጭ አገር ለሚኖሩ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከወሎ ወጥቶ በዓረብ አገር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ነው፤ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር በስልክ ሲገናኙ «ደኅና ነኝ» ከማለት አልፈው መነጋገር ስለማይችሉ ወላጆቹ ይጨነቃሉ። የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ያገኘሁት በዘመድ በኩል ነው። አንድ ወላጅ በልጁ ለውጥ ከረካ ለማኅበሩም ለጀመዓውም ይነግርልሻል።

ከሁሉ አስቀድመሽ የሰዓቱን ልዩነት አስቢበት። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ለጥናት ሲቀመጥ፣ ለአንቺ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። ጡት የምታጠባ እናት ይህን ጀምራ አትዘልቀውም። በሥራ ቀናት የአውሮፓና የዓረብ አገር ልጆችን ያዢ። ስቶክሆልምና ፍራንክፈርት ከእኛ የሚዘገዩት 1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ በክረምታቸው እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን አንቺ ዘንድ 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ ልጆችሽም ተኝተዋል። የሪያድ ሰዓት ከእኛው ጋር እኩል ነው። የአሜሪካዎቹን ለቅዳሜና ለእሑድ አድርጊያቸው፤ የእነርሱ እኩለ ቀን ለአንቺ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ከወላጅ ጋር ስትቀጣጠሪ «4 ሰዓት» ብለሽ ብቻ አትለፊ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በእነርሱ ለይተሽ ጻፊ፤ በመጋቢት አካባቢና በጥቅምት ሰዓታቸውን ሲያዛውሩም አንቺው ቀድመሽ አስታውሺያቸው።

ትምህርቱ ራሱ ክፍል ውስጥ ከለመድሽው የተለየ ነው። ቋንቋውን የማይናገር ልጅ 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፐ በተራ እንዲያጠና ከተደረገ በሁለተኛው ሳምንት «አልፈልግም» ይላል። እኔ የምጀምረው ከቤት ውስጥ ቃላትና ከልጁ ስም ነው። የልጅቱ ስም ሳራ ከሆነ «ሳ»ን እና «ራ»ን ትማራለች፣ ከዚያ ከ«ሳ» ወደ «ሰ» ቤተሰብ እንሄዳለን። ሳ፣ ባ፣ ላና ካን ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳያቸው ቀኝ እግራቸው መርዘሙን ልጆቹ ራሳቸው ያስተውላሉ፤ ራሳቸው ያገኙትን ደግሞ አይረሱትም። ውጭ ተወልደው ላደጉት የሚከብዳቸው «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» መለየት ነውና በዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ «ቀልብ» እና «ከልብ» እያሉ እንዲስቁ ተዪአቸው። ትምህርቱ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፣ ወላጅ በአቅራቢያው ይሁን፣ የልጁንም ምስል አትቅረጪ።

ክፍያውን በወር መጀመሪያ ተቀበዪ። ፔይፓል የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተከፈተ ሒሳብ ገንዘብ መቀበል ስለማይፈቅድ ወላጆቹ በባንክ ወይም ሕጋዊ በሆነ የሐዋላ ድርጅት በኩል ይላኩልሽ። እንደ ፕሬፕሊ ያሉ አስጠኚና ተማሪ የሚያገናኙ ድረ ገጾችም አሉ፤ ይሁን እንጂ ፕሬፕሊ የመጀመሪያውን የሙከራ ትምህርት ክፍያ በሙሉ ይወስዳል፣ ከቀጣዮቹም መጀመሪያ ላይ 33 በመቶ ይቆርጣል፤ የማስተማሪያ ሰዓትሽ እየበዛ ሲሄድ እስከ 18 በመቶ ይወርዳል። ዘመድ ያለው ሰው በዘመዱ ቢጀምር ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ባለቅመሟ፣ ኮምቦልቻ

የወልድያዋ እህቴ የተናገረችው እውነት ነው፤ እኔ ግን ቤተሰብን በኢንተርኔት ብቻ በሚቆም ገቢ ላይ መጣል ያስፈራኛል። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከውጭ ሰው ጋር ይሠሩ የነበሩ ወዳጆቼ ለወራት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እኔ በቴሌግራም ቻናል በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ፤ በዚያን ጊዜ ደንበኞቼ ስልክ እየደወሉ ያዝዙኝ ስለነበር ሥራው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ስለዚህ የትኛውንም ሥራ ብትጀምሪ የደንበኞችሽን ስልክ ቁጥር በደብተር መዝግበሽ ያዢ።

በርበሬ ገዢ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበት ነው። በመሆኑም ያለቀለትን ዱቄት ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ብዙ አይሸጥም። እኔ ዛላው ሲቀነጠስ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሲወቀጥ፣ ኮረሪማው ሲፈለፈል፣ ጥቁር አዝሙዱ ሲለቀም በአጭር በአጭሩ ቀርጬ አሳያለሁ፤ ከየትኛው ገበያ እንደገዛሁም እናገራለሁ። ዋጋ ስታወጪ ዛላ የገዛሽበትን ብቻ አትቁጠሪ፤ ሲቀነጠስና ሲደርቅ ክብደቱ ይወርዳል፣ የወፍጮው፣ የማሸጊያውና የባጃጁም ወጪ አለ። እርጥበቱን ሳይጨርስ የታሸገ በርበሬ ይሻግታል፤ አንድ ጊዜ የሻገተበት ደንበኛም አይመለስም።

አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች በአውቶቡስ እልካለሁ፤ የምልከው ግን ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የሚላክልሽን የደረሰኝ ምስል አትመኚ። በአሮጌ ደረሰኝ ላይ ቀንና መጠን እየቀየሩ የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ የራስሽን ሒሳብ ከፍተሽ ገንዘቡን በዓይንሽ ሳታዪ ዕቃው ከቤትሽ አይውጣ።

ይህንንም ሳልነግርሽ አላልፍም፦ ጡት የምትጠባ ልጅ ባለችበት ቤት በርበሬ ማዘጋጀት ይከብዳል። ሽታው ሕፃን ያስላል፣ እጅም ቢታጠብ ማቃጠሉን ቶሎ አይለቅም፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቁም አለ። ሽያጭ ከመረጥሽ ለአሁኑ ቆሎና በሶ በመሸጥ ጀምሪ።

መልስ፦ ቤት የምውል አባት፣ ሐይቅ

ባለቤቴ ነርስ ስለሆነችና የሌሊት ተራም ስላለባት ልጃችንን በአብዛኛው የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራዬ ትየባና አርትዖት ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ጽሑፉን በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔም ተይቤና አርሜ እመልሳለሁ። ጻፍልኝ የሚል ሲመጣ አልቀበልም፤ አንቺም መምህርት ስለሆንሽ በዚህ እንደምትስማሚ አልጠራጠርም።

ፈጥነሽ የምትተይቢ ከሆነ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየኮምፒውተሩና በየስልኩ በሚነበበው የፊደል አሠራር፣ መተየብሽን አረጋግጪ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ወይም በስልክ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ራሱን የቻለ የሚከፈልበት ሥራ ነው። የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ ካገኘሽ ደግሞ በገጽ አትዋዋዪ፣ በቅጂው ደቂቃ ተዋዋዪ፤ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ መገልበጥ ከአንድ ሰዓት ብዙ እጥፍ ይፈጃል። የትርጉም ሥራ በማሽን ምክንያት እየቀነሰ ነው። አሁን የሚመጣው ማሽኑ የተረጎመውን ማረም ሲሆን፣ «እርስዎ» ሊባል የሚገባውን ሽማግሌ «አንተ» ሲል፣ ሴቲቱንም ወንድ ሲያደርጋት እያየን እናስተካክላለን።

ጊዜ ስታገኚ በ2016 መጨረሻ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና ተመልከቺው። በነፃ ነው፣ እንግሊዝኛ አንብቦ ለሚረዳ ሰውም ይሆናል። ነገ ገቢ ያመጣልኛል ብለሽ ግን አትጀምሪው።

የጠያቂዋ መልስ

ሁላችሁንም አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልኝ። 3,000 ብሩን እንደማልከፍል ለጎረቤቴ ነግሬያታለሁ፣ የባንክ ሠራተኛውን መልስም አንብቤላታለሁ። በማስተማሩ ለመጀመር ወስኛለሁ፤ ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅም ወላጆች ልትጠይቅልኝ ቃል ገብታልኛለች። የሚያሳስቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። በትምህርቱ መካከል ትንሿ ብትነቃ ምን አደርጋለሁ? መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ የአማርኛ አስጠኚ፣ ወልድያ

ሁለቱንም ከመጀመሪያው ቀን ለወላጅ በግልጽ ንገሪ። እኔ የምዋዋለው እንዲህ ነው፦ ልጄ ከነቃ ትምህርቱን አቋርጬ የቀረውን ደቂቃ እሑድ አካክሳለሁ። እነርሱም ወላጆች ናቸውና እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም። የሚቀየሙት ሳትነግሪያቸው ስትቀሪ ነው።

መብራትን በተመለከተ በላፕቶፑ ላይ አትመኪ። ቤት ያለው ዋይፋይ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋልና ስልክሽ ከትምህርቱ በፊት በሙሉ ይሞላ፣ የሞባይል ጥቅልም ይኑርበት። ፊደሎቹን በወፍራም ማርከር በነጭ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ካሜራው ፊት ብታሳዪ ስክሪን ከማጋራት ያነሰ ዳታ ይፈጃል፣ ለልጁም ይቀልለዋል። የሳምንቱን ቃላት በድምፅሽ ቀርጸሽ በቴሌግራም አስቀድመሽ ላኪ፤ መስመሩ ቢቆረጥ ልጁ እሱን እያዳመጠ ይቆያል።

ስቶክሆልም የሚኖሩ፣ በእኔ ሰዓት አልመች ያላቸው አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው ሰባት ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ትሰማለች ግን አትመልስም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የሚመችሽ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አገናኛችኋለሁ።