የሚስተካከል የጎልፍ ዱላ በእውነት ይጠቅማል?

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነኝ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ጭንቅላቱ በመፍቻ ተፈትቶ የሚስተካከል ድራይቨር (ለረጅም ምት የሚሆን የጎልፍ ዱላ) አምጥቶልኛል። አሰልጣኝ የለኝም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ብቻዬን ነው የምለማመደው።

በቀኝ ነው የምመታው፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳና ወደ ቀኝ ትታጠፍብኛለች። የዱላው ፊት ወደ ላይ ያዘነበለው 10.5 ዲግሪ ነው። አንገቱ ላይ ያለውን ቀለበት አዙሬ ዲግሪውን ስጨምር ፊቱ ትንሽ ወደ ግራ ይዘጋል። ከስር ያለውን ክብደትም ወደ አንገቱ በኩል ሳዛውረው መታጠፉ ይቀንሳል። ደስ አለኝ! ግን አጥርቼ የመታኋት ኳስ አሁን ወደ ግራ ትሄዳለች። የጨነቀኝ ይሄ ነው።

የጎልፍ ሕግ እንዲህ ያለውን ድራይቨር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢፈቅድም፣ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ልኩን ቀይሮ መምታት ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ ልክ መርጬ መጽናት አለብኝ።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ምቱ ገና ያልረጋ ሰው ዱላውን እንደመጣ ትቶ አመታቱን ቢያርም ይሻላል ወይስ ዱላው እያገዘው ይማር? በተለይ አዲስ አበባ የተጫወታችሁ፣ ልዩነቱን በእጃችሁ አይታችሁታል? ደግሞስ መፍቻው «ቀጭ» ሲል ማጥበቁን ላቁም?