ረቂቅ ፕሮፖዛል፦ የኮሚቴው የቤት ኮምፒውተሮች ጥበቃ (እሁድ ማታ ይዘጋል)

ጸሐፊ · ሐሙስ
ረቂቁ ይኸው። ሰኞ ለቦርዱ ስለሚገባ እሁድ ማታ እዘጋዋለሁ። ቢሮ የለንም። የአባላት መዝገቡም፣ የመታወቂያ ኮፒውም፣ የባንክ ወረቀቱም ያለው በየቤታችን ኮምፒውተር ላይ ነው። የደብዳቤው ጉዳይ እንዲደገም የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከመጠባበቂያው ገንዘብ የሚወጣው፦ ሰነድ ለያዝነው ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ለኮሚቴው በሙሉ የፓስወርድ መያዣ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ 10 ላይ የቀረችውን አንዷን ኮምፒውተር መቀየሪያ። ያለ ገንዘብ የሚሠራው፦ ኢሜይሉ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ የራውተር ፓስወርድ መቀየር፣ አፕዴት አለማሳደር። በመጨረሻም ካሜራ ላይ ፕላስተር መለጠፍ።

ቀጥታ
“አንዷ ኮምፒውተር” የማን እንደሆነች እናውቃለን። ስሙ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ
የኔ ናት። ምን ይጠበስ? አምስት ዓመት ሙሉ በራሴ ማሽን፣ በራሴ ኢንተርኔት፣ እንቅልፌን አጥቼ ሒሳባችሁን ስሠራ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ልትቀየር ነው ሲባል እንደ ሌባ ልታይ?

ቀጥታ
ሌባ ያለህ የለም። ልጅህ ጌም የሚጫወትባትን ማሽን ማኅበሩ የሚገዛበት ምክንያት ይነገረኝ ነው ያልኩት። ጌሙም ክራክ ነው፣ ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚሠራ ኮፒ፣ ራስህ ነህ የነገርከኝ።

ማታ ሠሪ
ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ለጊዜው የሚያራዝም ምዝገባ አለ፣ ግን ማስታገሻ ነው። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ፣ ለዊንዶውስ ቀዳዳው መድፈኛ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። “ነገ አደርገዋለሁ” ያለ ሁሉ ተመታ።

ጌሙን በተመለከተ፦ ክራኩን ስትከፍት “አንቲቫይረሱን አጥፋ” ይልሃል አይደል? ታጠፋለህ፣ በአድሚን፣ ማለት ማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ በሚችለው አካውንት ታስነሳዋለህ። ከዚያ በኋላ ሰብሮ መግባት ምን ያደርግለታል? በሩን ራስህ ከፍተህለታል። ማሽኗ ተቀየረችም አልተቀየረችም ለልጁ አድሚን ያልሆነ የራሱ አካውንት ይከፈትለት። የማኅበሩ ሒሳብ ግን ክራክ የገባበት ማሽን ላይ ባያድር ነው የሚሻለው።

ነባሩ
ፕላስተሩ ይውጣ።

ጸሐፊ
የቱ ፕላስተር?

ነባሩ
ካሜራ ላይ የሚለጠፈው። ቦርዱ ፊት “ፕላስተር” የሚል ፕሮፖዛል ይዘን ልንቀርብ? እኔ ኮምፒውተሬን እንደ ቆሰለ ሰው ለጣጥፌ አላስቀምጥም። ቤቴ እንግዳ ይመጣል።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በ2016 በለቀቀው ፎቶ ላይ ከኋላው የሚታየው ላፕቶፕ ካሜራውም ማይኩም ተለጥፎበት ነበር። በዚያው ዓመት የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበረው ጄምስ ኮሚም የራሱን ካሜራ እንደሚሸፍን ተናግሯል።

ነባሩ
ዙከርበርግ መዋጮ አይከፍልም።

የጓሮ በር
እኔ አንድ ዓመት ለጥፌ ነበር። ሙጫው ሌንሱ ላይ ቀርቶ በቪዲዮ ስብሰባ ጉም ውስጥ የተቀመጥኩ መስዬ “መብራት ጠፍቶብሽ ነው?” ተባልኩ። ጋሼ እውነታቸውን ነው።

ነባሩ
ደግሞም ካሜራው ሲሠራ አጠገቡ መብራት ትበራለች። ዓይን አለኝ፣ አያታለሁ።

ማታ ሠሪ
መብራቷን ብዙም አይመኗት። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በቆዩ የአፕል ላፕቶፖች ላይ መብራቷ ሳትበራ ካሜራውን ማሠራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ግን ፕላስተሩም ቢሆን ዓይኑን እንጂ ጆሮውን አይሸፍንም፣ ሰነድ ከመሰረቅም አያድንም። ሰባት ነጥብ አለን። ይሄ ሰባተኛው ነው። እንለፈው።

ቀጥታ
አናልፈውም፣ ግማሹ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ተንሸራታች መክደኛ አለ፣ ትንሽዬ። ሲያስፈልግህ ትገፋዋለህ። ሙጫው ሌንሱን አይነካም።

የጓሮ በር
ወፍራም ከሆነ ላፕቶፑ ሲዘጋ ስክሪን ይሰነጥቃል። አፕል ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መሸፈን ግድ ከሆነ ከተራ የማተሚያ ወረቀት ውፍረት፣ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ ነው የሚለው።

ቀጥታ
0.1 ሚሊ ሜትር ተንሸራታች የት ይገኛል?

የጓሮ በር
እሱን እኮ ነው የምለው።

ነባሩ
ስለዚህ ይውጣ። በኔ ጊዜ ማኅበሩ ያለ ፕላስተርም ተከብሮ ኖሯል።

ጸሐፊ
በእርስዎ ጊዜ የማኅበሩ ኢሜይል ፓስወርድ የማኅበሩ ስምና 1234 ነበር። የተረከብኩት እኔ ነኝ።

ነባሩ
ይሄ ነውር ነው። በልጄ ዕድሜ ካለሽ ሰው አልጠብቅም ነበር። ከዚህ ውይይት ወጥቻለሁ። ኮሚቴው ላይም ሌላ ሰው ፈልጉ።

ዝም ብዬ · ዓርብ
ኧረ ተረጋጉ። ራውተሩን እኔ እይዘዋለሁ። ቅዳሜ በየቤታችሁ እዞራለሁ። ግማሽ ቀን ይበቃኛል።

ማታ ሠሪ
ተባረክ። አደራ፣ ብዙ ሰው የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሮ ጨረስኩ ይላል። የራውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ መግቢያ ሌላ ነው፣ አንዳንዱ ላይ “አድሚን” “አድሚን” እንደተባለ ይቀራል። ሚራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያን ሁሉ ካሜራና ራውተር የሰበሰበው በጥበብ አይደለም። ከፋብሪካ አብረው የሚመጡ 60 ገደማ የመግቢያ ስምና ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው። ደብሊውፒኤስንም፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን፣ አጥፋላቸው፣ ፈርምዌሩንም፣ የራውተሩን የውስጥ ፕሮግራም፣ አድስ።

ቀጥታ
ፓስወርድ ካነሳን፣ በየሦስት ወሩ ግዴታ ይቀየር የሚል ይግባ።

ማታ ሠሪ
አይግባ። ሰው በየሦስት ወሩ ቀይር ሲሉት መጨረሻዋ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ይቀይራል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው ያለ ምክንያት በየጊዜው አታስቀይሩ ብሏል። ረጅም ይሁን፣ ለየገጹ የተለየ ይሁን፣ ሾልኳል ከተባለ ይቀየር። ፕሮግራሙ የከበደው ሰው ደብተር ላይ ይጻፍ። ሳቁ፣ ግን በኢንተርኔት የሚመጣ ሌባ የመሳቢያችሁን ደብተር አያነብም።

የጓሮ በር
ላፕቶፑ ራሱ ቢሰረቅስ?

ማታ ሠሪ
ዲስኩ ይመሰጠር። የዊንዶውሱ መመስጠሪያ ቢትሎከር ሲበራ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ይሰጣል። አትመው ከላፕቶፑ ሌላ ቦታ ያስቀምጡት።

ጸሐፊ
የኔ ላፕቶፑ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ነው። አሁን አወጣሁት።

ገንዘብ ያዥ
ፕላስተር፣ ፕላስተር ስትሉ ሁለት ቀን አለፈ። የደረሰብኝን ሙሉውን ተናግሬ አላውቅም፣ ልንገራችሁ። ካሜራዬን ማንም አልነካም። ለሌላ ገጽ የተጠቀምኩበትን ፓስወርድ ለኢሜይሌም ተጠቀምኩት። የዚያ ገጽ መረጃ ሾለከ፣ ሰውየው በእሱ ገባ። ገብቶ ምንም አላጠፋም። የኢሜይሌ ቅንብር ውስጥ አንዲት መስመር ጨመረ። “መዋጮ” የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ኮፒው ለእሱ ይሂድ የምትል። ሦስት ሳምንት ሲያነበን ከረመ። የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል የሚለውን የላከላችሁ ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤው “እንግዲህ እንዳንዘነጋ” ብሎ ያልቃል። እንደዚያ ብሎ የሚጨርስ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ስድስት ሰው የከፈለው ለዚያ ነው።

ፓስወርዴን በዚያው ቀን ቀየርኩ። ያቺ መስመር ግን ሳምንት ሙሉ ኮፒ ስትልክ ከረመች። ማታ ሠሪ ነው ያገኛት።

አንድ ነጥብ ጨምሩልኝ። የባንክ ቁጥር ተቀየረ የሚል ደብዳቤ ከማንም ይምጣ ከማን፣ ድሮ በምናውቀው ስልክ ተደውሎ ሳይረጋገጥ ክፍያ የለም። ኮምፒውተሯን ካልፈለጋችሁ ተዉት።

ማታ ሠሪ
ከሁሉም ይሄ ይበልጣል። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ እንዳይሆን ብቻ። ባለ ሁለት ደረጃውም በአጭር መልእክት ከሚሆን በማረጋገጫ አፕ ይሁን፣ ሌቦች ሲም በሰው ስም ያወጣሉ። የኢሜይላችሁን የማስተላለፊያ ቅንብር ደግሞ ዛሬውኑ ክፈቱና እዩ።

ጸሐፊ
እሺ፣ ጨምሬዋለሁ።

ቀጥታ
ተስማምቻለሁ። ወደ መክደኛው ስንመለስ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ተለጣፊ አግኝቻለሁ። ሲላጥ ምልክት አይተውም። ሎጎ ይታተምበታል።

የጓሮ በር
ሎጎ ካለውማ ለምን ለኮሚቴው ብቻ? ለአባላት በሙሉ ይሁን እንጂ።

ነባሩ · ቅዳሜ
ሐሙስ ዕለት ደሜ ከፍ ብሎ ነበር። ሎጎ ካለው ፕላስተር አይባልም። እኔም እቀበለዋለሁ።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ የ1234ቱን ማንሳት አልነበረብኝም። ይቅርታ።

ነባሩ
እሱስ እውነት ነው። ግን እንዲህ ሰው ፊት አይጻፍም።

ማታ ሠሪ
ራውተሩ ዛሬ አልነበረም እንዴ? ዝም ብዬ፣ የት ደረስክ? እኔ ቤት የመጣ የለም።

የጓሮ በር
እኔ ጋም አልመጣም። ስልኩንም አያነሳም።

ጸሐፊ · እሁድ
የተለጣፊው ዋጋ ለ140 አባል ሲሰላ የተያዘው ገንዘብ አልበቃም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ዲስክ የነበረው አንድ አንድ ሆኗል።

ማታ ሠሪ
አንዱ ምን ሊያደርግ? ሁለት ያልነው እኮ አንዱ ሁልጊዜ ተነቅሎ እንዲቀመጥ ነው። ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ዲስክ አብሮ ይቆልፋል።

ቀጥታ
አንዷንም እየነቀሉ ማስቀመጥ ይቻላል።

ማታ ሠሪ
ይቻላል። ማን ይነቅላል? እስቲ አሁን ያልተሰካ ዲስክ ያለው ሰው እጁን ያውጣ።

ጸሐፊ
የኔ ተሰክቷል።

የጓሮ በር
የኔም።

ጸሐፊ
ልዘጋው ነው። የገንዘብ ያዥ ኮምፒውተር ለሚቀጥለው በጀት ተላልፋለች። የፓስወርድ መያዣው ነፃ የሆነም ስላለ ከገንዘቡ ወጥቷል። ራውተሩ “በበጎ ፈቃደኛ ይከናወናል” ተብሎ ገብቷል። ርዕሱ ቀጥታ ባለው መሠረት “የማኅበሩን ገጽታና ደህንነት ማጠናከር” ሆኗል።

ማታ ሠሪ
ገጽታ ከየት መጣ?

ቀጥታ
ቦርዱ ደህንነት ብቻ ሲባል አያጸድቅም። አምና አይተነዋል።

ነባሩ
ሎጎው የቱ ነው? አሮጌው ነው አዲሱ?

የጓሮ በር
አዲሱ እኮ አልጸደቀም።

ነባሩ
ለዚያ ነው የጠየቅኩት።

ገንዘብ ያዥ
የባንክ ቁጥሩ ነጥብ የት ገባ? ፈልጌ አጣሁት።

ጸሐፊ
አባሪው ውስጥ ነው። ገጽ 4።

ቀጥታ
አሮጌው ይሁን። የአዲሱ ጽሑፍ ያን ያህል ሲያንስ አይነበብም።