የይርጋጨፌን ስኒ በሰባት ዶላር፦ ለቡናችን ክብር ነው ወይስ የራስን ሀብት መልሶ መግዛት?

አስተባባሪ፦
ባለፈው እሑድ አንዲት አባላችን «የተዛወርኩበት ከተማ ውስጥ ጥሩ ስፔሻልቲ (ምንጩና ጥራቱ የተመረጠ) ቡና ቤት የት አገኛለሁ?» ብላ ጠየቀች። ግማሹ ሰው አድራሻ ደረደረላት፤ ግማሹ «ኢትዮጵያዊት ሆነሽ ፈረንጅ ቡና ያፍላልኝ ትያለሽ?» ብሎ ወረደባት። ጥያቄውን ወደ ክርክር አምጥተነዋል። ውጭ የምንኖር ሰዎች የአገራችንን ቡና በውድ ካፌ እያሳደድን መጠጣታችን ለቡናውና ለገበሬው ይረባል ወይስ አይረባም? ስድብ የለም። የእናት ስም የሚያነሳ ይወጣል።

ጀበና (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እኔ ልጀምር። የሥራ ባልደረባዬ «የአገርሽን ቡና ልጋብዝሽ» ብሎ ወሰደኝ። ሰሌዳው «ኢትዮጵያ፣ ይርጋጨፌ፣ የታጠበ» ይላል (የታጠበ ማለት ከመድረቁ በፊት ተፈልፍሎ በውሃ የጸዳ ነው)፤ ከሥሩ ጃስሚን፣ ሎሚ፣ ኮክ። 6 ዶላር ከ50፣ ቲፑ ሳይቆጠር። ልጁ ቡናውን እንደ ወርቅ መዝኖ፣ ውሃውን በሰዓት እየለካ አንጠባጥቦ፣ ቀጠን ያለ ሻይ የመሰለ ነገር አቀረበልኝ። ኮመጠጠኝ። ስኳር ብጠይቀው ለቅሶ ቤት የሳቅኩ ይመስል አየኝ። ዞር ዞር ብል ሁሉም ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል። እኛ «ቡና ጠጡ» ስንል «ኑ» ማለታችን ነው። ቁሌቱ ሸቶት ያልተጠራ ጎረቤት ራሱ ይመጣል፣ አቦሉ ያመለጠው በቶና ይደርሳል። ያንን ትቼ ለብቻዬ የምጠጣውን በሰባት ዶላር ፍለጋ ልሂድ?

ባሪስታው (በርሊን)፦
እህቴ፣ የኮመጠጠሽ ጉድለቱ አይደለም፣ ፍሬው ነው። ቡና እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ኮምጣጣነቱ እየጠፋ ምሬቱ ይመጣል፤ በጣም ከጠቆረ በኋላ የጌዴኦውን ከብራዚሉ መለየት ይቸግራል። ስድስት ዓመት ቡና የሚቆላበት ቤት ሠርቻለሁና ይህን በምላሴ ነው የማውቀው።

የሚያናድድ ነገር ልናገር። ልጅ ሆነን የጠጣነው ቡና የትኛው ነበር? ለውጭ ገበያ የተዘጋጀውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ነበር። ምርጡ በጆንያ ወደብ ይወርድ ነበር፣ ለሱቅ የሚቀረው ግርዱ ነበር። ቡና ጥቁር እስኪል የሚቆላው አንድም ያንን ለመሸፈን ይመስለኛል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ንጹሕ የታጠበ ይርጋጨፌ መጀመሪያ የቀመስኩት በ27 ዓመቴ በርሊን ውስጥ ነው። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

ጀበና፦
አስተባባሪ፣ ይህ ሰው የእናቴን ቡና ግርድ ብሏልና ይውጣልኝ። (ቀልዴን ነው። ግማሹን።)

አያቴ የአጋሮ ሰው ነበረች። ከጓሮዋ የቀላውን ብቻ ለቅማ፣ በጀንፈሉ አድርቃ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ እዚያው ቆልታ እዚያው ታፈላለች። ከምጣድ እስከ ስኒ አንድ ሰዓት አይሞላም። እናንተ ቆልታችሁ «ትንሽ ይረፍ» ብላችሁ ሳምንት ታስቀምጡታላችሁ። የትኛው ካፌ ነው እንደሷ ትኩስ የሚያጠጣኝ?

ባሪስታው፦
ጓሮ ያለውን ሰው አልነካሁም፣ ይቅርታ። የሱቁን ነው ያልኩት። አጋሮን ካነሳሽ ግን፣ የዚያ አካባቢ ቡና ለስንት ዘመን «ጅማ 5» በሚል ዝቅተኛ ደረጃ በርካሽ ሲሸጥ ኖረ። ዛሬ ዱሮሚናና ናኖ ጫላ የሚባሉት የዚያው ሰፈር ማኅበራት ስም ጀርመን አገር ከረጢት ላይ ታትሞ ታገኚዋለሽ። ቡናውን አጥበው በወግ ማዘጋጀት ሲጀምሩ፣ ልዩነቱን ቀምሶ የሚከፍል ሰው ስለነበረ ነው። ያ ሰው የሚገኘው አንቺ የምትስቂበት ካፌ ውስጥ ነው።

ዲላ (ኦስሎ)፦
ከሁለታችሁም አይደለሁም። አባቴ ጌዴኦ ውስጥ ከእንሰትና ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና አለው፣ ሁለት ሄክታር አይሞላም። እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይለቀማል። ሲቆላ ከመቶ 15 ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 850 ግራም ይቀራል። ለአንድ ስኒ 17 ግራም ቢጠቀሙ 50 ስኒ ይወጣዋል። ጀበና በከፈለችው ዋጋ 325 ዶላር ማለት ነው። እዚህ ከረጢቱ ላይ ለላኪው የከፈለውን የሚያትም አንድ ቤት አግኝቼ ነበር፤ በኪሎ 9 ዶላር ይላል። ለ50 ሲካፈል በስኒ 18 ሳንቲም። ከዚያች 18 ሳንቲም ላይ ላኪው፣ ማጠቢያ ጣቢያው፣ ባለመኪናው፣ ባንኩ ድርሻቸውን አንስተው የተረፈው ነው ወደ አባቴ የሚሄደው።

ሌላም አለ። አባቴ እሸቱን ጣቢያው በር ላይ በዕለቱ ዋጋ ያስረክባል። ያ እሸት ኦስሎ ውስጥ በስም ተጠርቶ ይጠጣ ወይም ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይሸጥ እሱ አያውቅም። ማኅበር ውስጥ ያለው ጎረቤቱ ዓመቱ ጥሩ ሲሆን የትርፍ ክፍፍል ያገኛል። አባቴ ለግል ጣቢያ ስለሚሰጥ እሱንም አያገኝም። ስለዚህ «እኔ ውድ ቡና በጠጣሁ ቁጥር ገበሬው ይጠቀማል» የምትሉት ነገር አባቴ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ በር ይቀረዋል።

ባሪስታው፦
18 ሳንቲሟ ትክክል ናት፣ አልከራከርም። የቀረው 6 ዶላር ከ32 ግን የካፌው ትርፍ አይደለም። ኪራይ አለ፣ የእኔ ደመወዝ አለ፣ ግብር አለ። ካፌ ከፍተው የተዘጋባቸው ጓደኞች አሉኝ።

ስለ ስሙ ግን ልመልስልህ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ (ምርት በአንድ ማዕከል የሚገበያይበት) ሲቋቋምና የቡና ንግዱ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ፣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይደባለቅ ነበር። ገዢ «ይህ የማን ነው?» ቢል መልስ የለም። በ2017 ደንቡ ተቀይሮ ምንጩ ተለይቶ በቀጥታ መሸጥ ሲፈቀድ ነው የጣቢያ ስም በብዛት ብቅ ያለው። ደንቡን ካስቀየሩት ነገሮች አንዱ የገዢው ጭቅጭቅ ነው። በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር አገራችን ውስጥ መጀመሪያ ሲካሄድ የሲዳማው ንጉሴ ገመዳ አሸንፎ ቡናው በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ገበሬ ነው፣ በስሙ ነው የተሸጠለት።

ዲላ፦
ለንጉሴ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን በጨረታ የወጣው ጥቂት ጆንያ ነው። ጎረቤት ሎተሪ ደረሰው ብዬ አባቴን «ሀብታም ሆንክ» አልለውም።

ሐረርጌ (ቶሮንቶ)፦
ይርጋጨፌ፣ ይርጋጨፌ! ቡና ሌላ ቦታ አይበቅልም እንዴ? እኛ ዘንድ ቅጠሉን ቁጢ፣ ገለባውን አሻራ ብለን የምንጠጣው ፍሬው ለገበያ ስለሚሄድ ነው፤ ስለ ግርድ ለእኛ አትንገሩን።

እኔ ካፌ እመርጣለሁ፣ በአንድ ነገር፦ ስሙን በትክክል ይጽፋል ወይ? ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። በእነዚሁ ስሞች ከአሜሪካው የካፌ ድርጅት ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው። በገዛ ቦታችን ስም ሁለት ዓመት ተከራከርን ማለት ነው። ጌሻ የሚባለውን የቡና ዓይነትም እዩት። ዘሩ በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን ወጥቶ፣ አገር ላገር ዞሮ ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 እዚያ ውድድር አሸንፎ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሆነ። እዚህ ሰፈሬ ያለው ካፌ «ጌይሻ» ብሎ ጽፎታል፣ እንደ ጃፓን አጫዋች ሴቶች። ባለቤቱን ጠርቼ ጌሻ የቦታ ስም መሆኑን በካርታ አሳየሁት። ሰሌዳውን አስተካከለ። እኛ ካልሄድን ማን ይነግረዋል?

ጀበና፦
ሄደን አስተማሪ እንሁንላቸው ነው? ከፍለን?

ሐረርጌ፦
እኔ ያን ቀን በነጻ ጠጣሁ።

እህታችሁ (ጅዳ)፦
ሥራ ላይ ሆኜ ሳነብ ነበር፣ አሁን ነው ስልክ የያዝኩት። «ፍለጋ» የሚለው ቃል መጀመሪያ አሳቀኝ። እኔ ነጻ የምሆነው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው።

የምሠራበት ቤት በየቀኑ ቡና አፈላለሁ፣ ነጣ ብሎ ተቆልቶ ሄል የገባበት የዓረብ ቡና። እመቤቴ ከሐረሪ ሌላ አትገዛም፣ ዋጋው ውድ ነው። እኔ ከየት እንደመጣሁ ታውቃለች፣ ቡናውም ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ሁለቱን አገናኝታ ግን አታውቅም። (ጀበና፣ ቀላ ያለ ቡና ፈረንጅ የፈጠረው እንዳይመስልሽ፤ እነዚህ ከጥንት እንዲህ ነው የሚጠጡት።)

ከወር በፊት ከጓደኛዬ ጋር እንደ ምንም ብለን እንደናንተ ዓይነት ካፌ ገባን። የአንዱ ዋጋ 25 ሪያል። ልንወጣ ብለን ነበር። ልጁ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠንና አንድ ካርድ ሰጠን፤ «ጉጂ፣ ሻኪሶ» ይላል። ጓደኛዬ የሻኪሶ ልጅ ናት። ስታነበው ዝም አለች፣ ከዚያ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጁ አያት፣ ገባው መሰለኝ፣ የሳንቲሙን መልስ ሲያመጣ ሌላ ካርድ ጨመረላት። ቡናውን እውነት ለመናገር ጀበና እንዳለችው ኮምጥጦናል። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እኛ ተቀምጠን ሰው ቡና አቀረበልን። ለገበሬው ምን እንደደረሰው አላውቅም። በሚቀጥለው ወርም እንሄዳለን።

ዲላ፦
እህቴ፣ ካርዱን ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ። የጣቢያው ስም ካለበት ማየት እፈልጋለሁ።

እህታችሁ፦
አለበት። ማታ እልክልሃለሁ።

አስተባባሪ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዲላ፣ አትሂዱ ነው የምትለው?

ዲላ፦
አይደለም፣ ሂዱ። ግን ስትሄዱ ጃስሚኑንና ኮኩን ተዉትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከየትኛው ጣቢያ ነው? የስንት ዓመተ ምሕረት ምርት ነው? ለጥሬው ስንት ከፈላችሁ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብዙዎቹ ይመልሳሉ። ሦስተኛው ላይ ያፍራሉ። ዋጋውን የሚያትመውን ቤት የምወደው 9 ዶላር ብዙ ሆኖብኝ አይደለም፤ አባቴን ደውዬ «የጣቢያው ሰው በዚህ ነው የሸጠው፣ አንተ በስንት አስረከብክ?» ልለው ስለቻልኩ ነው። ዘንድሮ እሸቱን ከማስረከቡ በፊት ሁለት ጣቢያ ዋጋ ጠይቋል። ዱሮ የቅርቡ ጣቢያ ወስዶ ያራግፍ ነበር።

ባሪስታው፦
ነገ የምሠራበትን ቤት አለቃ «ዋጋውን እናትመው» እለዋለሁ። ካባረረኝ እዚሁ ታሰፍሩኛላችሁ።

ጀበና፦
የዲላ ነገር ገባኝ። የባሪስታው ግን ምላሴ አልተቀበለውም፣ ስለዚህ ልሞክረው ነው። ከሐበሻ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ይርጋጨፌ ገዝቻለሁ። ግማሹን እንደኛ፣ ግማሹን እንደናንተ ልቆላው። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ እኔው ጋ ናት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት አቀምሳታለሁ። ምጣዱ ሞቋል። መቼ ላውርደው?

ባሪስታው፦
ጆሮሽን ጣይ። መጀመሪያ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። መንጣጣቱ ጋብ ሲል ወዲያው አውርደሽ አራግቢው። ቀለሙ ቀረፋ ይመስላል፣ አትደንግጪ። ዘይት እንዳያወጣ።

ጀበና፦
አወረድኩት። እናቴ ከጀርባዬ ቆማ ኖሯል። «ምን ነካሽ? ገና ጥሬ ነው፣ መልሺው» እያለችኝ ነው። ምን ልበላት?