ወላጆችን ስለ ልጅነታቸው መቅዳት፦ «ደህና ነበርን» ካሉ በኋላ ምን ይጠየቃል?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን የልጅነት ታሪክ በድምፅ ያስቀራችሁ ካላችሁ ምከሩን። «ኑሯችሁ እንዴት ነበር?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነበርን» ብለው ይዘጉታል። ዓመቱም አይያዝም። በምን ይጀመር? ስልክስ ይበቃል?

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ፦
ችግሩ ጥያቄው ነው። ራስን ድሃ ማለት ያሳፍራል፤ ባለጠጋ ነበርን ማለት ደግሞ ደርግ ሥልጣን ከያዘበት ከ1967 ወዲህ ለብዙ ሰው የሚያስጠይቅ ነገር ነበር። ስለዚህ ኑሮውን ትታችሁ ዕቃውን ጠይቁ። ጣሪያው ሳር ነበር ቆርቆሮ? ማታ የሚበራው ኩራዝ ነው ፋኖስ? ውሃ ማን ይቀዳ ነበር፣ ከየት? መጀመሪያ ጫማ ያደረጉት ስንተኛ ክፍል ሆነው ነው? የጤፍ እንጀራ ለዓመት በዓል ብቻ ነበር ወይስ በአዘቦቱም? (ጤፍ ግን እንደ አገሩ ነው፤ ቆላ ላይ የማሽላ እንጀራ መብላት የድህነት ምልክት አይደለም።)

ገጠር ላደጉ መሬቱን ጠይቁ። የራስ ርስት ነው ወይስ በጭሰኝነት የሚታረስ? ጭሰኛ ከነበሩ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚሄደው እኩል (ግማሽ) ነው፣ ሲሶ ነው ወይስ እርቦ (ሩብ)? ከእህሉ ሌላ ባለመሬቱ ቤት ሄዶ መሥራትስ ነበረበት? ጎጃምና ጎንደር ብዙው ገበሬ ባለርስት ስለነበር፣ ጭሰኝነቱ የከፋው በደቡብ ስለነበር፣ ያንኑ ጥያቄ ለሁሉ አትድገሙት።

ከተማ ላደጉ ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አለ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቅዶ ትርፉ ተወረሰ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። «ያደጋችሁበት ቤት የቀበሌ ነው የኪራይ ቤቶች? ከ67 በፊትስ የማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት የተወረሰበትም፣ ኪራይ የቀነሰለትም በዚህ ያወራል።

መልስ፣ ከቶሮንቶ፦
ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፣ አብሮ የሆነውን ጠይቁ። ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? በታኅሣሡ ግርግር (በጃንሆይ ላይ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት) ጊዜ ስንተኛ ክፍል ነበሩ? የእድገት በኅብረት ዘማቾች (ደርግ ወደ ገጠር ያዘመታቸው ተማሪዎች) መንደራችሁ ሲመጡ አግብተው ነበር? እንዲህ ሦስት አራት ችካል ከተተከለ የቀረው ይጠጋጋል።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሱ ብዙ ሰው ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የታኅሣሡ ግርግር 1953 ላይ ነው፤ በፈረንጅ 1960 እንጂ 1961 አይደለም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ፓስፖርት ላይ ያለው የልደት ቀን በግምት የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ለታሪኩ መነሻ አታድርጉት። ግን ትክክለኛው ቀን ተገኘ ብላችሁ የኢሚግሬሽን ወረቀት ለማስቀየርም ጠበቃ ሳታማክሩ አትሩጡ።

መልስ፣ ከዳላስ፦
ከተማ ባደገ ቤተሰብ ወሬ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ትኖራለች፤ ከገጠር የመጣች፣ «እንደ ልጃችን ነበረች» የምትባል። እዚያ ላይ አትለፉ። የት ትተኛ ነበር? አብራችሁ ትበላ ነበር ወይስ እናንተ ከተነሣችሁ በኋላ? ትምህርት ቤት ገብታለች? የቀን ነው የማታ? ደመወዟን ራሷ ትቀበል ነበር ወይስ ያመጣት ዘመድ? ኋላስ የት ደረሰች? የአባቷን ስም የሚያስታውስ ከጠፋ «አልታወሰም» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም መልስ ነው። ድምፃችሁ ግን የከሳሽ አይሁን። እናት ፊታቸውን ካዞሩ ተዉት፣ ሌላ ቀን ተመለሱበት።

የሸማኔ፣ የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ቤት ያደጉ ከሆነ በልጅነት የሰሙት ስድብ ይኖራል። መጀመሪያ ሙያውን ጠይቁ፦ ጥጡ ከየት ይመጣ ነበር፣ ፈትሉን ማን ይፈትላል፣ አንድ ጋቢ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ገበያ ይዞት የሚወጣው ማን ነው። ስድቡን እናንተ አትጥሩት፤ የሚነሣ ከሆነ ራሳቸው ያነሡታል።

መልስ፣ ከስቶክሆልም፦
ስልክ ይበቃል፣ ግን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ መሃል ላይ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ነጠላ አጥፋችሁ ስልኩን እሱ ላይ አኑሩት፣ ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ውጡ። ቡናው ከቀረጻው በፊት ወይም በኋላ ይሁን፤ የሲኒ ኳኳታ የሽማግሌ ድምፅ ይውጣል። አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ሳትሰሙ አትጀምሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ አታስቀምጧቸው።

ባልተጨመቀ ዓይነት ከቀዳችሁ አንድ ሰዓት 300 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ አስቀድማችሁ ቦታ አስለቅቁ። ለዘመድ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን፣ ጥራቱ ይወርዳል። «ይሄ አይውጣ» ያሉትን የምትቆርጡት ከሚላከው ቅጂ ነው፤ ዋናውን አትንኩ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አባትና እናትን አንድ ላይ ማስቀመጥስ?

መልስ፣ ከዳላስ፦
መጀመሪያ ለየብቻ። አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያርማል ወይ ዝም ይላል። በተለይ አንዱ የባለመሬት፣ ሌላው የጭሰኛ ልጅ ከሆኑ አብረው ሲሆኑ የማያነሡት ብዙ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ከተቀዱ በኋላ አንድ ቀን አገናኟቸው፤ ባልተስማሙበት ላይ አትፍረዱ፣ የሁለቱንም ጻፉ።