ደሴ ላይ ለማስተማር ልምምድ፦ የግል መዋዕለ ሕፃናት ወይስ የመንግሥት ኦ ክፍል?

ጥያቄ፦ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ተማሪ ነኝ፤ በቅርቡ ደሴ ውስጥ ለልምምድ እወጣለሁ። የግል ልምረጥ ወይስ የመንግሥት? የመርጃ መሣሪያስ ከየት ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ረጅሙን ጊዜ ለመንግሥቱ ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ላለው መዘጋጃ ክፍል) ስጪው። በግሉ ልጆቹ ጥቂት፣ መጫወቻው ብዙ ነው። ነገር ግን ወላጅ ከፍሏልና ቶሎ ውጤት ማየት ይፈልጋል፤ በዚህ የተነሣ የአራት ዓመት ሕፃን እንግሊዝኛ ሲገለብጥ፣ የቤት ሥራ ተሸክሞ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ታያለሽ። ያሳዝነኛል። በመንግሥቱ ክፍል መጨናነቅ አለ፤ አግዳሚው ለትልልቅ ተማሪዎች የተሠራ ሆኖ የልጆቹ እግር መሬት የማይነካበትም ቦታ አለ። መምህር የሚያደርግሽ ግን እዚያ ነው፤ ያለ ውድ ዕቃ፣ በዜማና በጨዋታ ያን ሁሉ ልጅ መያዝ ትማሪያለሽ።

ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ የምትመደቢባትን መምህርት እዪ። 231ዱን ፊደል በጩኸት የምታስደግም ናት ወይስ ከልጆቹ ስም ተነሥታ ለሰይድ «ሰ»ን፣ ለዘሃራ «ዘ»ን የምታሳይ? ሁለተኛዋን ካገኘሽ አትልቀቂያት። ከየኔታ ወይም ከመድረሳ የመጡ ልጆች ደግሞ በቃል መያዝን ያውቁበታል። ይህን አትናቂ፤ በዚያ ላይ መጠየቅንና በእጅ መሥራትን ጨምሪላቸው።

ስለ ዕቃው፦ ከመደብር የፊደል ገበታ ብቻ ይበቃሻል። ትንንሾቹ የፕላስቲክ ፊደላት ወደ አፍ ይገባሉ፤ አንቆ የሚይዝ ነገር በዚያ ዕድሜ አደገኛ ነው። ገንዘብሽን አናጢ ቤት አውጪው። ከቁርጥራጭ እንጨት ሁለቱ ትንንሾች አንዱን መካከለኛ፣ ሁለቱ መካከለኞች አንዱን ትልቅ እንዲያክሉ አስቆርጪ፤ ጠርዙም በደንብ ይለስልስ። ልጆቹ ሲገነቡበት ግማሽንና እጥፍን ማንም ሳይነግራቸው ያገኙታል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የሒሳብ መርጃ የለም። በቆቦ ወይም በሐርቡ በኩል ዘመድ ካለሽ ከአጨዳ በኋላ የማሽላ አገዳ አስመጪ፤ በሬና ጋሪ ይሠሩበታል። ልጣጩ ስለት ስላለው አንቺው ላጪላቸው።

የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታልና ከአምስትም ከስድስትም ዓመት ልጆች ጋር እንዲመድቡሽ ጠይቂ። የግሉን መጨረሻ ላይ ለጥቂት ቀን ጎብኚው፤ በተለይ የመጫወቻ ማዕዘኖቹን አደራደር በደብተርሽ ሥዪው።