ነገ ጠዋት ልጄ ኦፕራሲዮን ሊገባ ነው፤ የጡንቻ በሽታ ላለበት ልጅ ማደንዘዣ ይከለከላል?

የትልቁ እናት፦
ሰላም ናችሁ። በናታችሁ ያልተኛችሁ መልሱልኝ። ልጄ ዛሬ ከሰዓት ሽንት ቤት በር ላይ ተደናቅፎ ወደቀና ጭኑ ተሰበረ። ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ነው ተባልን። የጡንቻ ዲስትሮፊ ላለበት ልጅ ማደንዘዣ ገዳይ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ብዬ ነው አይሆንም የምላቸው? ጄሶ ብቻ ቢደረግለት አይበቃም? ደግሞ ሐኪሙ ባሌ ፊት «ይሄ ከእናት ነው የሚመጣው» አለ። በኛ ዘር እንደዚህ ያለ ሰው የለም። ስልኬ ባትሪ እየጨረሰ ነው፣ ቶሎ በሉ።

ፈረቃ ላይ፦
ይማርልሽ እህቴ። ዲስትሮፊ ብዙ ዓይነት ነው። የሱ የትኛው ነው? ስንት ዓመቱ ነው? በእግሩ ይሄድ ነበር? ስቴሮይድ ይወስዳል?

አስተማሪው፦
በመጀመሪያ ሙስኩላር ዲስትሮፊ ማለት አንድ በሽታ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ዱሼን አለ፣ ቤከር አለ፣ ማዮቶኒክ አለ፣ ፊትና ትከሻን የሚያጠቃ አለ፣ ዳሌና ትከሻ ላይ የሚጀምርም አለ። ዱሼን ስሙን ያገኘው በ1860ዎቹ በሽታውን በሰፊው ከጻፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ከጊዮም ዱሼን ነው። ዘረ መሉ የተገኘው በ1986 ሲሆን ዲስትሮፊን የሚባለውን ፕሮቲን ያሠራል። ይህ ፕሮቲን የጡንቻ ሴል ሲኮማተርና ሲፈታ ሽፋኑ እንዳይቀደድ ይይዘዋል። ዘረ መሉ ኤክሶን የሚባሉ 79 ክፍሎች አሉት፣ በሰው ልጅ ከሚታወቁት ረጃጅሞቹ አንዱ ነው፣ ስለዚህም ለስህተት የተጋለጠ

ሳቂታው፦
አስተማሪው፣ ልጁ ነገ ጠዋት ነው የሚገባው። አንተ ገና 1986 ላይ ነህ።

የትልቁ እናት፦
ዱሼን ነው። 9 ዓመቱ። ቤት ውስጥ ይሄዳል፣ ደረጃ ግን አይችልም። ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ ይወስዳል። የነገው ይቅርበት ብላለች ነርሷ፣ ምንም በአፉ እንዳይገባ።

ሦስተኛ ፎቅ፦
እኔ ብሆን አላስነካውም። ልጅ ነው፣ አጥንቱ በራሱ ይገጥማል። ጄሶ አድርገው ቤቱ ይተኛ። ኦፕራሲዮን ኦፕራሲዮን የሚሉት ስለሚቀናቸው ነው።

ፈረቃ ላይ፦
እሺ፣ አሁን ገባኝ። የትልቁ እናት፣ ማደንዘዣ ሁሉ አይከለከልም። የሚከለከለው ዓይነቱ ነው። አንዱ ሰክሲኒልኮሊን ነው፣ ሰክሳሜቶኒየምም ይሉታል። ጡንቻ ለማላላት የሚወጋ ነው፣ ለዱሼን ልጅ ጭራሽ አይሰጥም። ሌላው በትንፋሽ የሚሰጡት ጋዞች ናቸው፤ ሀሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬን። እነዚህ ድሮም የሳሳውን የጡንቻ ሴል ሊያፈርሱት ይችላሉ። ያኔ ከሴሉ ውስጥ ፖታሲየም ወደ ደም ይዘረገፋል፣ ፖታሲየም ሲያሻቅብ ደግሞ ልብ ሊቆም ይችላል። ገዳይ ነው ሲባል የሰማሽው ይሄንን ነው። በደም ሥር ብቻ የሚሰጥ ሰመመን ግን አለ፣ እንደ ፕሮፖፎል ያለው። ያንን ይጠቀማሉ፣ ማሽኑንም አስቀድመው ከጋዝ ያጸዱታል። ስለዚህ ማግኘት ያለብሽ አጥንት ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ሰመመን የሚሰጠውን ባለሙያ ነው። ዛሬ ማታውኑ፣ በር ላይ ሲገባ አይደለም። ስለ ልቡም ንገሪው። የመጨረሻው የኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ውጤት እጅሽ ላይ ካለ አሳዪው፣ ከሌለ ከመግባቱ በፊት ይሠራለት በይ።

ሁለተኛው፣ ፕሬድኒሶሎኑ። ዝም ብሎ አይቀርም! ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ሲወስድ የቆየ ልጅ ስቴሮይድ የሚያመርተው የራሱ ዕጢ ሥራ ፈቷል። ድንገት ከተቋረጠ፣ በዚያ ላይ ስብራትና ኦፕራሲዮን ሲጨመርበት፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በአፉ መውሰድ ካልቻለ በደም ሥር ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል ስቴሮይድ ይሰጠዋል፣ ያውም ከወትሮው ከፍ ባለ መጠን። ነርሷ ስቴሮይድ መሆኑን ሳታይ ብላ ይሆናል። አትጣዪአት፣ ግን ሐኪም ሳይወስን እንዳታልፊው።

በዘይት ፈውስ፦
እህቴ አትጨነቂ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር የተፈጥሮ ዘይት አለኝ። በውስጥ መስመር አናግሪኝ።

ሳቂታው፦
ሰውየው የተሰበረ ጭን ሊያሽ ነው። አስተዳዳሪ የት ናችሁ?

ዊልቸር ነጂው፦
ሦስተኛ ፎቅ፣ በጎ አስበህ ነው፣ ግን ምክርህ ለዱሼን አይሠራም። እኔ ዱሼን ያለብኝ ትልቅ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ እግሬ ሲሰበር ጄሶ አድርገው ረጅም ጊዜ አስተኙኝ። ጄሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፣ ጡንቻው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ በእግሬ አልሄድኩም። ሌላ ልጅ ሲተኛ የሚደክመው ጡንቻ ሲነሳ ይመለሳል፣ የኛ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ለዚህ ነው አሁንም ድረስ የሚሄድ ልጅ ጭኑ ሲሰበር በብረት አስረው ቶሎ ሊያቆሙት የሚፈልጉት። ስለዚህ የትልቁ እናት፣ «አይሆንም» ሳይሆን «በምን ታስተኙታላችሁ? መቼስ ታቆሙታላችሁ?» በያቸው። ፊዚዮቴራፒስቱም ከመጀመሪያው ይግባበት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሰው የማይናገረው። አልጋ ሲያዛውሩት ብብቱን ይዘው እንዳያነሱት። ትከሻችን ስለሚላላ ክንዳችን ወደ ላይ ይሄድና ከእጃቸው ሾልከን ነው የምንወርደው። አንድ እጅ ከጀርባ፣ አንድ እጅ ከጭን ሥር፤ የተሰበረውን እግር ደግሞ ሌላ ሰው ለብቻው ይያዝ። አንቺ ቆመሽ አሳዪያቸው። ልጁንም ጠይቁት፣ እንዴት መያዝ እንዳለበት ከሁላችሁም በላይ ያውቃል።

የሁለት ልጆች አባት፦
ስቴሮይዱን እንዳታቋርጪ። ሰክሲኒልኮሊን አይሰጠው።

ሳቂታው፦
ከላይ ተብሏል ጌታዬ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ይደገም። ፈረቃ ሲቀየር የሚረሳው ይሄ ነው። እኔ ትልቅ ወረቀት ላይ በእስክሪፕቶ ጽፌ አልጋው ራስጌ ለጠፍኩት፦ «ዱሼን አለበት። ሰክሲኒልኮሊን የለም። ጋዝ የለም። በየቀኑ ስቴሮይድ ይወስዳል፣ አይቋረጥ።» አንዱ ሐኪም ሳቀብኝ፣ ሌላው ፎቶ አነሳው። ሁለቱም አነበቡት።

የትልቁ እናት፦
ተባረኩ። ሰመመን የሚሰጠውን እያስጠራሁ ነው። ከእናት ነው ያለውስ? ሴት ልጅም አለችኝ።

አስተማሪው፦
አሁን ልቀጥል ይፈቀድልኛል? ዘረ መሉ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ

ባለ ጥያቄ፦
ሐኪሙ ተሳስቷል። በዘሯ ከሌለ ከሷ አይደለም፣ ይሄ ግልጽ ነው።

አስተማሪው፦
ግልጽ አይደለም። ተሸካሚ ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፣ አብዛኞቹ ምንም ሳያውቁት ነው የሚኖሩት። ወንድ ካልተወለደ ወይም የተወለዱት ወንዶች ጤነኛውን ኤክስ ከወሰዱ በሽታው ስንት ትውልድ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ስህተቱ አዲስ ነው፣ እናትየው ተሸካሚ አይደለችም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የዘረ መል ምርመራ እንጂ የዘር ቆጠራ አይደለም። እናት ተሸካሚ ከሆነች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት ልጇ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። የደም ምርመራው ነጻ ነሽ ቢላት እንኳ ስህተቱ እንቁላሎቿ ውስጥ ብቻ ሊኖር ስለሚችል፣ ሌላ ልጅ ስታረግዝ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ፈረቃ ላይ፦
አስተማሪው ዛሬ ጎበዝ ነህ። እኔ የምጨምረው፦ ተሸካሚ ሴት ራሷም የልብ ድካም ሊመጣባት ስለሚችል ልቧን በየጊዜው ትታይ። የትልቁ እናት፣ ይሄ ግን የዛሬ ማታ ሥራ አይደለም። ባልሽንም ቢሆን «ማን አመጣው» የሚለው ለልጁ ምንም አይጨምርለትም በዪው። አንቺ ያደረግሽው ወይም ያላደረግሽው ነገር አይደለም።

አሁን የሚያስፈልግሽ ይሄ ነው። ረጅም አጥንት ከተሰበረ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ትንፋሹ ድንገት ካጠረ፣ ከተቀባዠረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ «ደክሞት ነው» ቢሉሽም አትቀበዪ። ከአጥንቱ የወጣ ስብ ሳንባና ጭንቅላት ሊደርስ ይችላል፣ ስቴሮይድ በሚወስዱ የዱሼን ልጆች ላይ ደርሶ ያውቃል። ሐኪም ጥሪ፣ ስሙንም ጥሪላቸው፦ ፋት ኢምቦሊዝም።

ዊልቸር ነጂው፦
ቻርጀር ካጣሽ ነርሶቹ ጋ አለ። ሁሌም አለ።

ባለ ጥያቄ፦
የትልቁ እናት ዝም አለች፣ እስከዚያው የኔን ልጠይቅ። ባሌ ቤከር አለበት። ወንድ ነው የያዝሽው ተብያለሁ። ልጁ ላይ ይመጣል?

ሳቂታው፦
ለዚህ ነው ቅድም «ግልጽ ነው» ስትዪ የነበረው?

አስተማሪው፦
ከአባቱ አይመጣበትም። አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይ ክሮሞዞም ነው፣ ቤከር ላይ የተበላሸው ደግሞ እንደ ዱሼን ሁሉ ኤክሱ ላይ ነው ያለው። ሴት ብትሆን ግን ያንን ኤክስ መውሰዷ ስለማይቀር ተሸካሚ ትሆን ነበር። የባልሽ እህቶችም እናታቸው ተሸካሚ ከሆነች ሊኖርባቸው ስለሚችል ይመርመሩ። ባልሽ ልቡን ታይቷል? ቤከር ላይ አንዳንዴ ከእግር ቀድሞ የሚደክመው ልብ ነው።

ባለ ጥያቄ፦
እግሬ ደህና ነው እያለ አይሄድም።

አስተማሪው፦
ስለ እግሩ አይደለም የጠየቅኩት።