የኢንተርኔት አይኪው ፈተና ውጤት ምን ያህል ይታመናል?

ሶስና፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ እባካችሁ በቁም ነገር መልሱልኝ። ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ሠራሁና 131 አመጣሁ። ደስ ብሎኝ ሊንኩን ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። 15 ዓመቱ ነው። እሱ 88 አመጣ። መጀመሪያ ምንም አላለም። ማታ ላይ ግን የሒሳብ ደብተሩን ዘጋና «እኔ በቃ ጭንቅላቴ አይቀበልም ማለት ነው፣ ይኸው በቁጥር ነገሩኝ» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደብተር አልነካም። ሊንኩን የላክሁለት እኔ ነኝና ነገሩ ከብዶኛል።

ግራ ሲገባኝ ሌላ ሁለት ቦታ ሞከርኩ። አንዱ 104 ሰጠኝ። ሌላው 30 ጥያቄ ካስጨረሰኝ በኋላ ውጤቱን ለማየት የባንክ ካርድ ቁጥር አስገቢ አለኝ፣ ተውኩት። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ 131ም 104ም ይሆናል? ቁጥሩስ ራሱ ምን ማለት ነው? ለወንድሜስ ምን ልበለው?

ቁጥር ወዳድ፦
ሶስና፣ ከቁጥሩ ልጀምርልሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። አይኪው እንደ ቁመት በሜትር የሚለካ ነገር አይደለም። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች መጀመሪያ ተመርጠው ለተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች ይሰጡታል። የእነዚያን ሰዎች አማካይ ውጤት 100 ይሉታል። ከዚያ በኋላ የሚፈተነው ሁሉ ከእነሱ ጋር እየተነጻጸረ ነው ቁጥር የሚሰጠው። ስለዚህ 131 ሲሉሽ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ «ከማን ጋር አነጻጽራችሁኝ ነው?» ብለሽ ነው። አብዛኛው የኢንተርኔት ፈተና ለዚህ መልስ የለውም። ቢኖረውም የተነጻጸርሽው እንዳንቺው ሊንኩን አይተው ከገቡ ሰዎች ጋር ነው።

ሁለተኛው ነገር መለኪያው ነው። በተለመደው መለኪያ ከአማካዩ የመራራቂያው እርምጃ 15 ነጥብ ነው። ከ100 ሰው 68 ያህሉ ከ85 እስከ 115 ውስጥ ይወድቃል፣ 95 ያህሉ ከ70 እስከ 130 ውስጥ። ከ130 በላይ የሚያገኘው ከ100 ሰው 2 ገደማ ነው። ግን እርምጃው 24 የሆነ፣ ካቴል የሚባል መለኪያም አለ። እዚያ 148 ያመጣና እዚህ 130 ያመጣ ሰው እኩል ናቸው። ያንቺ 131 በ24ቱ ተሰልቶ ከሆነ በተለመደው ወደ 119 ይወርዳል። ገጹ በየትኛው እንደሚያሰላ ካልጻፈ ቁጥሩን ከሌላ ገጽ ቁጥር ጋር ማስተያየት አይቻልም።

ደግሞ እይው፣ 88 ራሱ ያ 68 ሰው ያለበት መሃል ውስጥ ነው። ይህን ዛሬውኑ ንገሪው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ገጹ ዕድሜውን ጠይቆት ነበር?

ማኅደር፦
የዕድሜው ጥያቄ ዋናው ነው። ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ፣ እውነተኛው ፈተና ሲሰጥም አጠገብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ስልክ ላይ ከምናየው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ፈታኝና ተፈታኝ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ተፈታኙ ቀይና ነጭ ቀለም ያላቸውን ኪዩቦች እየገጣጠመ ሥዕሉ ላይ ያለውን ቅርጽ ይሠራል፣ ፈታኙ ሰዓት ይይዛል። ቁጥሮች ይነበቡለትና ከኋላ ወደ ፊት ይደግማቸዋል። የቃላት ትርጉም ይጠየቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኔ ባየሁት ቀን ልጁ መሃል ላይ ደከመውና ፈታኟ ይህንንም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ድር ላይ ያለ ፈተና ልጁ እንቅልፍ ይዞት ይሁን፣ ወይም መሃል ላይ መልእክት ሲመልስ ይሁን በምን ያውቃል?

ዕድሜን በተመለከተ፣ ሰው የሚነጻጸረው ከእኩዮቹ ጋር ነው። ባለሙያዎች የሚሰጡት፣ ዌክስለር የሚባለው ፈተና ለአዋቂ ሌላ፣ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሌላ ነው ያለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአዋቂዎቹ እትም ከ16 እስከ 90 ዓመት በሆናቸው 2,200 ሰዎች ላይ ነው የተመዘነው፣ እነሱም በዕድሜ በዕድሜ ተከፋፍለው። የ15 ዓመት ልጅ ከ30 ዓመት ሰው ጋር ተነጻጽሮ ውጤቱ ዝቅ ቢል ምን ይገርማል?

ይህ ሁሉ ተደርጎም ባለሙያው አንድ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ አይሸኝም። «ትክክለኛው ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል» ብሎ ከላይም ከታችም ጥቂት ነጥብ ይተዋል። ያ እንግዲህ ሰዓትና ጸጥታ ተጠብቆ የተሰጠ ፈተና ነው።

ሶስና፦
አሁን ገብቼ አየሁት። ዕድሜ የሚባል ነገር አልጠየቀም! ስም፣ ኢሜይል፣ ከዚያ በቀጥታ ጥያቄ። ደግሞ ግማሹ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፣ «የዚህ ቃል ተቃራኒ የቱ ነው» የሚል ዓይነት። እሱ እንግሊዝኛው ገና ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ተኝቶ በስልኩ ነው የሠራው።

ማኅደር፦
በቃ፣ የቃላቱ ክፍል የለካው እንግሊዝኛውን ነው። በሁለተኛ ቋንቋ፣ ያውም ሰዓት እየቆጠረበት የተፈተነ ሰው ጥያቄውን አንብቦ እስኪረዳ ጊዜው ያልቅበታል።

አጥናፉ፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። ሰው እንዲህ ሲሰማ «አይኪው ሁሉ ውሸት ነው» ወደ ማለት ይሄዳል፣ እሱም ልክ አይደለም። በሥርዓቱ የተሰጠ ፈተና ከትምህርት ውጤት ጋር እውነተኛ ዝምድና አለው። ሐኪሞችም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ምን እንደቀረ ለማወቅ ይጠቀሙበታል። ችግሩ ለምን እንደተሠራ መረሳቱ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ቢኔና ሲሞን የሚባሉ ፈረንሳውያን በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ያዘጋጁት፣ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ለይቶ ለማገዝ ነበር። ቢኔ የማሰብ ችሎታ ከልደት እስከ ሞት የማይነቃነቅ ነው የሚለውን አጥብቆ ተቃውሟል፣ በልምምድ ያድጋል ብሎ ያምን ነበር። ወንድምሽ ደብተር እንዲዘጋ ያደረገው ሐሳብ፣ ፈተናውን የጀመረው ሰው ራሱ የተቃወመው ሐሳብ ነው። ለኔ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ሌላም አለ። ፍሊን የሚባል ተመራማሪ እንዳሳየው፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን በብዙ አገር የሰው ውጤት በየ10 ዓመቱ ወደ 3 ነጥብ ሲጨምር ነበር። ለዚህ ነው ትክክለኛ ፈተናዎች እየቆዩ እንደገና የሚመዘኑት። አንድ ገጽ የድሮ ፈተና ጥያቄና የድሮ መለኪያ ገልብጦ ካስቀመጠ ሁላችንም ጎበዝ እንመስላለን። ያንቺ 131 ከዚያ ሊመጣ ይችላል፣ ቅር እንዳይልሽ። ሰርተፍኬት ሊሸጥልሽ የሚፈልግ ገጽም ዝቅ ያለ ቁጥር ቢሰጥሽ አይጠቅመውም።

ሳባ፦
ካርዱን ባለማስገባትሽ ተረፍሽ። እኔ ለውጤቱ ትንሽ ገንዘብ ከፍዬ በየወሩ ሲቆርጡብኝ በሦስተኛው ወር ነው የነቃሁት። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ደንበኝነት መሆኑን ጽፈውታል። ኢሜይልም ባትሰጡ ይሻላል።

ቁጥር ወዳድ፦
ሶስና፣ ወንድምሽ ያንኑ ፈተና ደግሞ ቢሠራው ሊጨምር ይችላል፣ ምክንያቱም የጥያቄውን ዓይነት ለምዶታል። ያንንም እንደ ችሎታ ለውጥ አትቁጠሩት። ቁጥሩን ተዉትና አብራችሁ አንድ ሁለት ጥያቄ አንስታችሁ ለምን እንደሳተ እዩ።

ሶስና፦
እንዳላችሁት አደረግሁ። ትናንት ማታ ቁጭ ብለን ያንን ዘጠኝ ሳጥን ያለውን፣ መጨረሻው ባዶ የሆነውን ጥያቄ አወጣን። ሦስት ማዕዘኑ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ሩብ ዙር ይዞራል፣ ነጥቦቹ ደግሞ ወደ ታች ሲወርዱ አንድ አንድ ይቀንሳሉ። እሱ መዞሩን በደንብ አይቶታል። «ወደ ታች እኮ አላየሁም ነበር» አለ። በቃ ይኸው ነው። አላየም እንጂ አልገባውም አልነበረም።

ከዚያ የዕድሜውን ነገር ነገርኩት። «ከትልልቅ ሰው ጋር ነው እንዴ ያወዳደሩኝ?» ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ የኔን መልሶች አሳዪኝ አለኝ። 22ኛውን ተሳስቼ ነበር። እስከ አሁን የት ጋ እንደሳትኩ አላውቅም ነበር፣ እሱ ወረቀት አምጥቶ ቅርጾቹን እየሣለ አስረዳኝ። የሣለበት ወረቀት ከሒሳብ ደብተሩ የተገነጠለ ነበር።